የእትዬ አስካለች ጎረቤት

ወገኖቼ፣ ነገሩ የድሮ ነው። የትኛው ዓመት እንደነበር እንኳ ረስቼዋለሁ። ዝናብ ያዘኝና መናኸሪያው አጠገብ ካለ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። ከእኔ ወዲያ ሁለት ሴቶች ቆመው ያወራሉ። ፊታቸውን በደንብ አላየሁትም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የወሬውን ግማሽ ይወስድብኛል።

አንደኛዋ፣ «ሐሙስ ሐሙስ የት ነው የምትጠፊው?» አለቻት።

«ሰዎች አሉ። ክብ ሠርተን እንቀመጣለን።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንዳንድ ቀን እናወራለን። አንዳንድ ቀን ዝም እንላለን።»

«ዝም ለማለት ነው በዚህ ጭቃ ከባጃጅ ጋር የምትጋፊው? ቤትሽ ቁጭ ብለሽ ዝም አትዪም?»

ያችኛዋ፣ «የቤቴ ዝምታ ባዶ ነው። የዚያኛው ዝምታ ግን ሰው አለበት» አለች። «ሰው አለበት» ይሁን «ሰው ይሰማበታል» ያለችው፣ ዛሬ እርግጠኛ ሆኜ ልነግራችሁ አልችልም። ዝናቡ አባራና ሄዱ። ነገሩ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

ሰው ሰብስቦ የማድመጥን ሥራ፣ የተማሩት «የቡድን ምክር» የሚሉትን፣ መከታተል የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። ያገኘሁትን እያነበብኩ፣ ከሚያውቁት ሰዎች ኋላ ወንበር ስቤ እየተቀመጥኩ ነው። ዛሬ የምነግራችሁንም ያገኘሁት ከዚያ ነው። የታሪኩ ባለቤቶች ንገር ብለውኛል። ስሞቹን ቀይሬአለሁ። ስለዚህ «ማን ናት? ማን ነው?» ብላችሁ አጠገባችሁ ያለውን በክንድ እንዳትነኩ።

አንድ ሰው ነበር። መምህር ነው፤ ሒሳብ ያስተምራል። ሚስቱ ሞታለች። አንዲት ልጅ አለችው፤ አግብታ ድሬዳዋ ትኖራለች። ከሥራ ሲመለስ በሩን ይከፍታል፣ ሬድዮውን ያበራል፣ ከዚያ ነው ጫማውን የሚያወልቀው። ሬድዮው የሚበራው ለዜናው አይደለም። ቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዲኖር ነው። ከእናንተ መካከል እንዲህ የምታደርጉ አላችሁ? እጅ አታውጡ፤ እንዲሁ ጠየቅኳችሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ሐዘን የጠናባቸውን ሰዎች ሰብስቦ የሚያግዝ አገልጋይ ፈለገ። ይህ ሰው ጆሮው ታጋሽ ነው ተባለና ለሥልጠና ተላከ። የምታሠለጥነው ሲስተር ዘነበች ናት፤ ብዙ ዘመን በነርስነት ሠርታ በኋላ ሥነ ልቦና የተማረች ሴት። ጠዋት ንድፈ ሐሳቡን ታስተምራለች። ከሰዓት ወንበሮቹን ክብ አድርገው ይለማመዱታል፤ አንዱ መሪ ይሆናል፣ ሌሎቹ ሐዘንተኛ ሆነው ይቀመጣሉ።

ምን ተማረ? ሰው ሲያለቅስ «በቃ፣ በቃ» ብሎ አለማቋረጥን ተማረ። ዝምታ ሲመጣ አለመደንገጥን ተማረ። ለምክር አለመቸኮልን ተማረ። ደግሞም እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ፣ «እኔ» ብሎ እንዲናገር ማድረግን ተማረ።

ይህ የመጨረሻው መምህሩን ልቡን ወሰደው። ለምን መሰላችሁ? እኛ እንዴት እንደምናወራ ታውቃላችሁ። «ሰው ይከፋዋል» እንላለን። «አንዳንዱ ተስፋ ይቆርጣል» እንላለን። ማነው ያ ሰው? ማነው አንዳንዱ? እኛው ነን። የሌላውን ስም እንደ ጋቢ ተከናንበን እንቀመጣለን። ስለዚህ ደንቡ መልካም ነው። እኔ ትምህርቱን ልነቅፍ አልቆምኩም፤ ብዙ ሰው «እኔ» ብሎ መናገር በጀመረ ቀን እንደቀለለው በዓይኔ አይቻለሁ።

መምህሩ ተመልሶ መጣና ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል፣ የመዘምራኑ ልብስ በሚሰቀልባት፣ የፕላስቲክ ወንበሮቹን ክብ አድርጎ ሥራ ጀመረ። በትልቅ ወረቀት ላይ፣ በዚያ ሰሌዳ በለመደ ውብ ጽሕፈቱ፣ ደንቦቹን ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። የሰማነው እዚህ ይቀራል። አናቋርጥም። «እኔ» እያልን እንናገራለን።

ከሚመጡት አንዱ ጋሽ ላምበቦ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና የነዱ፣ ወንድማቸውን የቀበሩ፣ ያለ ቀልድ ትንፋሽ የማይወጣላቸው ሰው። ሌላዋ እትዬ አስካለች ናቸው። እትዬ አስካለች ሲመጡ በሩ አጠገብ ይቀመጣሉ፣ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስባሉ፣ ሲያልቅ ከሁሉ ቀድመው ይወጣሉ። ብዙ ሐሙስ እንዲሁ አለፈ። መምህሩ አልቸኮለም። ይህን ተምሯል።

አንድ ሐሙስ ግን ድንገት ተናገሩ።

«እኔ እንኳ ምንም የለኝም። አንዲት ጎረቤት አለችኝ» አሉ። «ልጇ ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ ወጣ። ኬንያ ገባሁ ብሎ ደወለ። ታንዛኒያ ገባሁ ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ የለም።»

ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው ቀጠሉ።

«ለቅሶ እንዳትቀመጥ፣ መርዶ አልመጣላትም። ደስ እንዳይላት፣ ድምፁን አልሰማችም። መንገድ ላይ የሚያገኛት ሰው ‹እግዚአብሔር ያጽናሽ› አይላት፣ ‹እንኳን ደስ አለሽ› አይላት፤ የሚለው ሲያጣ ወደ ማዶ ይሻገራል። እሷ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የደበቋት ይመስላታል። ጠዋት በር ከተንኳኳ እግሯ ይከዳታል።»

ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሩቅ አገር የሞተ ሰው ሲኖር ሽማግሌዎች ወሬውን ይይዙታል፤ ጎረቤት ያውቃል፣ ዘመድ ያውቃል፣ እናት አታውቅም። ከዚያ አንድ ቀን፣ ገና ሳይነጋ፣ ተሰባስበው በሯን ያንኳኳሉ። ያቺ ሴት እንግዲህ በየማለዳው የምትጠብቀው ይህን ነው።

ጋሽ ላምበቦ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይቺ ጎረቤትሽ ትበላለች?»

«ሰው ካለ ትበላለች።»

«እንግዲያው ንገሪያት። እኔም ወንድሜ የሞተ ጊዜ ብቻዬን መብላት አቅቶኝ ከውሻ ጋር ነበር የምበላው።»

«ውሻውስ ምን አለ?» አሉ እትዬ አስካለች።

«ጨው በዛ ብሎ ተወኝ።»

እትዬ አስካለች ሳቁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነው። ነጠላው ከግንባራቸው ወደ ኋላ ሸሸት አለ። አንዷ ከወዲያ፣ «ለጎረቤትሽ ቅዳሜ እኔ ቤት ትምጣ በያት፤ አብረን እንበላለን» አለች።

እዚህ ላይ ነው መምህሩ አፉን የከፈተው። ነገሩ ጥሩ ሲሄድ አየ፤ በጣም ጥሩ እንዲሆን ፈለገ።

«እትዬ አስካለች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «‹ጎረቤቴ› ከማለት፣ ግድግዳው ላይ እንዳለው ‹እኔ› ብለው ቢናገሩት ይቀልልዎታል።»

ጋሽ ላምበቦ፣ «መምህር፣ ክፍል ውስጥ አይደለንም እኮ» አሉት።

«ለእሳቸው ብዬ ነው ጋሼ። ደንቡ የሁላችንም ነው። እስቲ ይሞክሩት እትዬ። ‹የእኔ ልጅ› ብለው ይጀምሩ።»

እትዬ አስካለች ወረቀቱን አዩት። መምህሩን አዩት። አፋቸው ትንሽ ተከፈተና ተዘጋ። ነጠላቸውን ወደ ቅንድባቸው መለሱ።

«ዝናብ ሳይመጣ ልሂድ» አሉ።

ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶውን ዋለ። ከዚያ በሚቀጥለውም። የቀሩት ሰዎችስ? የቀሩት ደንቡን ጠበቁ። «እኔ ደህና ነኝ» ይላል አንዱ። «እኔም ደህና ነኝ» ይላል ሌላው። «እኔም እግዚአብሔር ይመስገን።» ሁሉም «እኔ» አለ፣ ማንም ምንም አልተናገረም። ጋሽ ላምበቦ እንኳ ቀልድ ተዉ። መምህሩ ዝምታን እንዳይፈራ ተምሮ ነበር፤ ይህን ዝምታ ግን ፈራው። ሰው የሌለበት ዝምታ ነበር። እሱ ደግሞ እንደዚህ ያለውን ከቤቱ ያውቀዋል።

ለሲስተር ዘነበች ደወለና የሆነውን ነገራት።

«ያስተማሩኝን ነው ያደረግኩት ሲስተር።»

«አውቃለሁ» አለች። «‹የእኔ ልጅ› ብለው ይጀምሩ ካሏቸው በኋላ፣ ምን ብለው እንዲጨርሱ ነበር የጠበቁት?»

«‹የእኔ ልጅ ጠፋ› ብለው ነዋ።»

ስልኩ ውስጥ ሌላ ሰው የሚያወራ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። መምህሩ የገዛ ቃሉን በገዛ ጆሮው ሰማው።

«መርዶ ሳይመጣ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እናት በአፏ ልጇን...»

«ታሟርትበት?» አለች ሲስተር ዘነበች። «መምህር፣ ያቺ ጎረቤት መደበቂያቸው መሰለችዎት። መደበቂያ አይደለችም። እሷ ታልቅስ፣ እሷ ትፍራ፣ እሷ ተስፋ ትቁረጥ፤ እናትየው ግን ልጄ አለ ብለው ይዋሉ። ልጁን በሕይወት የምታቆይላቸው ያቺ ጎረቤት ናት። እኔም ደንቡን ሳስተምራችሁ ይህን አብሬ ማስተማር ነበረብኝ።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«ይሂዱና ይቅርታ ይጠይቋቸው። ማስተማር አይደለም። ይቅርታ።»

ሄደ። መቼ ሄደ? ወገኖቼ፣ የሰውን ልጅ ነገር ተመልከቱ። ጠዋት ሄደ። ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ደርሼ ልመለስ ብሎ፣ ገና ጤዛው ሳይነሳ፣ የዚያችን ሴት በር አንኳኳ። ጠዋት በር ከተንኳኳ የጎረቤቴ እግር ይከዳታል ያለችውን ሴት በር። በጆሮው ሰምቶታል፤ ቁጭ ብሎ፣ ራሱን እየነቀነቀ ሰምቶታል። ግን ልቡ ውስጥ የነበረው የትምህርት ቤቱ ደወል ነበር።

ውስጥ የእግር ኮቴ ነበረ። ቆመ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ። መምህሩ።»

ከዚያ ከበሩ ጀርባ፣ በጣም ከቅርብ፣ ድምፃቸው መጣ። «ከማን ጋር ነዎት?»

ያን ጊዜ ነው የገባው። መርዶ አንድ ሰው ብቻውን አያረዳም። ያቺ እናት የምትጠይቀው ስንት ሰው ደጄ ቆሟል ብላ ነው።

«ብቻዬን ነኝ እትዬ። ማንም የለም። ምንም ወሬ የለም። ብቻዬን ነኝ።»

መቀርቀሪያው ተሳበ። እትዬ አስካለች የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

«በዚህ ሰዓት ሰው ቤት ይመጣል?» አሉ።

«አጠፋሁ።»

«ሁለተኛዎ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ልቁምና እናንተን ልጠይቅ።

ከእናንተ መካከል ስንታችሁ የሰውን በር እንዲህ አንኳኩታችኋል? በመልካም ልብ፣ በመልካም ደንብ፣ በክፉ ሰዓት? ስንቶቻችን «ግልጽ ሁኚ» ብለናታል? ስንቶቻችን «በእምነት ተናገር እንጂ» ብለነዋል? በጸሎት ስብሰባችን አንዱ ይነሳና «ስሙን የማልጠራው አንድ ወንድም አለ፤ ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ጸልዩለት» ይላል። እኛስ ምን እናደርጋለን? እንጸልያለን? ዓይናችንን ጨፍነን «ማን ይሆን? እሱ ራሱ ይሆን እንዴ?» እያልን ሰው እንቆጥራለን። ቢሆንስ? እሱ ራሱ ቢሆንስ? ስሙን ካልሰጠን ስሙ አያስፈልገንም ማለት ነው። ያን ስሙ የማይጠራ ወንድም እንውደደው። እሱን ስንወደው እዚያው የቆመው ሰው ይሞቀዋል።

ጌታ እኮ የእያንዳንዱን ስም እያወቀ፣ ብዙ ጊዜ ሲያስተምር ስም አልጠራም። ሰምቶ የሚገባው ይግባ ብሎ በሩን ከፍቶ ተወው። ማንንም በእጁ ጎትቶ «ይህ አንተ ነህ፤ እኔ ነኝ በል» አላለውም። እኛ ከእሱ በላይ ለምን እንቸኩላለን?

ደግሞ ሌላ ነገር። መንገድ ላይ ስታዩዋቸው የምትሻገሩላቸው ሰዎች አሉ። አትክዱ። የሚባል ቃል ያጣችሁላቸው ናቸው። ባሏ ትቷት የሄደ፣ ግን ያልሞተ። ልጇ እስር ቤት የገባ። ወንድሙ አእምሮው የታመመበት። ለዚህ የሚሆን ሰላምታ በቋንቋችን የለም፤ ስለዚህ ጫማችንን እያየን ወደ ማዶ እናልፋለን። ቃል ከሌላችሁ ያለ ቃል ቅረቡ። አጠገቡ ቁሙ። ስለ ዝናቡ አውሩ። ከውሻ ጋር ስለ መብላት አውሩ። ከመሻገር እሱ ይሻላል።

የምታገለግሉ፣ የምትመሩ፣ ሰው «አንተ ጠንካራ ነህ» የሚላችሁስ? እናንተን ማን ይሰማችኋል? ሌላውን ስትሰሙ ውላችሁ ማታ ወደ የት ነው የምትገቡት? ይህን ጥያቄ እኔ አላመጣሁትም። ያቺ ሴት ናት ያመጣችው። እንዴት እንዳመጣችው ልንገራችሁና እንበተን።

እትዬ አስካለች መምህሩን አስገቡት። በርጩማ ሰጡት። እሳቸውም ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «ይቅር ይበሉኝ» አለ። እትዬ አስካለች ራሳቸውን ነቀነቁ። ከሩቅ የትምህርት ቤቱ ደወል ተደወለ። መምህሩ ሰማው፤ አልተነሳም።

በመጨረሻ እትዬ አስካለች፣ «ጎረቤቴ ተቀይማዎት ነበር» አሉ።

«እውነቷን ነው። ሐሙስ ትመጣልን ይሆን? ወረቀቱን አነሳዋለሁ።»

«ወረቀቱ ምን አደረገ? ይቀመጥ። ሌላው በእሱ ይናገርበት።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «እሷ መምጣቱን ትመጣ ነበር። ብቻዋን ግን ታፍራለች።»

«ብቻዋን? እኛ ሁላችን አለን አይደል እንዴ?»

«እነሱ አሉ። እርስዎ ግን የሉም መምህር። ይህን ያህል ሐሙስ ሁሉን ሲጠይቁ ሰማሁዎት። እርስዎን የጠየቀ የለም፤ እርስዎም አንድ ቀን አልተናገሩም።»

«እኔ መሪ ነኝ እትዬ። የመጣሁት ልሰማ ነው።»

«መሪ ቤት የለውም?»

መምህሩ መሬት መሬት አየ። ሲስተር ዘነበች መሪ ጉዳቱን በሐዘንተኞች ላይ አያራግፍ ብላ አስተምራዋለች፤ ልክ ናት። ግን ይህች ሴት አራግፍ አላለችውም። አጠገቤ ወንበር ሳብ ነው ያለችው።

«‹እኔ› ይበሉ አልልዎትም» አሉ እትዬ አስካለች። «እሱን እኔም አልቻልኩትም። ግን አንድ የሚያውቁት ሰው የለም? ወዳጅ? የቆየ የሥራ ባልደረባ?»

መምህሩ አፉን ከፈተ፤ ዘጋው። ውጭ ያረፈዱ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሮጡ ይሰማል፤ ድምፃቸው ራቀ፤ ጠፋ።

«አለ» አለ። «አንድ የማውቀው ሰው አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ...»

«አሁን አይንገሩኝ። ሐሙስ ይዘውት ይምጡ። እኔም ጎረቤቴን ይዣት እመጣለሁ፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።»

መምህሩ ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«እሺ» አለ። «አመጣዋለሁ።»